ሲንቄ የቆመበት ምንጭ

ከጎረቤታችን አናጢ ቤት የጽድ ሽታ ሲመጣ የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ። ለሌላው ሰው የአዲስ ቁም ሣጥን ሽታ ነው። እኔን ግን ሱሉልታ፣ ከከተማው ጀርባ ካለው ምንጭ ዳር ወስዶ ያቆመኛል፤ ያውም ወንድሜ ምሳር ይዞ በወጣበት ቀን።

ያ ምንጭ የሁላችንም ነበር። ዙሪያውን ጽድና ወይራ ጥቅጥቅ ብሎበት፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ቅጠሉ አናታችን ላይ ይረግፋል። ውሃው ከቅዝቃዜው ጥርስ ይቆረጥማል። ከብት እንዳያደፈርሰው፣ ቦታውም ለሕዝብ መናፈሻ እንዲከለል የጠየቁት የገዛ ሽማግሌዎቻችን ናቸው። ቀያሽ መጥቶ ነጭ ቀለም የተቀባ ችካል ተከለ።

ክፋቱ ጊዜው ነበር። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳበት ሰሞን፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ አስፋልቱ ላይ ጎማ ይጨሳል። ያኔ ችካል ያየ ሁሉ መሬቱ የተወሰደ ነበር የሚመስለው። አይፈረድበትም፤ ስንቱ ገበሬ ከችካል በኋላ ተነቅሏል። ወንድሜና ጓደኞቹ ችካሉን ነቃቅለው ጣሉት። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ዛፎቹን ቆርጠው በግንዱ መንገድ ሊዘጉ ወጡ።

የምሳሩ ድምፅ እስከ ቤታችን ተሰማ። አዳዳ፣ እኛን ያሳደገችን የአባታችን እህት፣ በሠርጓ ቀን እናቷ የሰጠቻትን ሲንቄ፣ ያቺን ቀጭን በትር፣ አንስታ ወጣች። ያዩዋት ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ተከተሏት። በእኛ ዘንድ ሴት ሲንቄ ይዛ ከቆመች ወንድ አልፏት አይሄድም፤ ካለፈ እርግማን ነው። ስንደርስ አንድ ጽድ ወድቆ አየሩን በሽታው ሞልቶታል። ሴቶቹ ምንጩን ከበው ቆሙ። እኔም ባዶ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ከጫፍ ገባሁ።

«አንቺ ደግሞ? ሲንቄ ከባል ጋር ነው የሚመጣው» አለችኝ አጠገቤ የቆመችው ጎረቤታችን።

«እንግዲያው ባሉ ይቅርብኝ፣ ጀሪካኑ ይበቃኛል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም።

«አዳዳ፣ ዞር በይ። ሊወስዱት ነው እያልኩሽ።»

«ችካሉን ያስተከልነው እኛ ነን። ቢወስዱትስ? አንተ ቆርጠህ ምን ልታስቀርልን ነው፣ ጉቶ?»

«ጓደኞቼ ፊት አታዋርጂኝ።»

«እለፍና እንይህ።»

ሲንቄዋን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ምሳሩን ሣሩ ላይ አጋድሞ ተመለሰ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። ከሰዓት ችካሎቹን መልሶ የተከለው ራሱ ነው፣ አዳዳ አናቱ ላይ ቆማ «ጠሟል፣ አቅናው» እያለችው።

ጉረኛ በሉኝ፣ ከዚያ ሰልፍ በላይ የሚያኮራኝ ነገር የለኝም። አሁን እሁድ እሁድ ከቡራዩም ከሰበታም ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ማን ቆሞ እንዳተረፈው አያውቁም፤ ይጠጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይሄዳሉ። ደግ አደረጉ።

አዳዳ ባለፈው ክረምት አረፈች። ወንድሜ የሞያሌ መስመር ሹፌር ነው፤ ለቀብሯ አልደረሰም። ድንኳኑ ሊነሳ ሲል ገባ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ጎርፍ ምንጩ ላይ የከመረውን ደለል ብቻውን ሲጠርግ ነበር ያረፈደው።

«ሰው በቀጥታ ለቅሶ ቤት ይመጣል፤ አንተ የት ነበርክ?» ብላ አንዷ ለቀስተኛ ተቆጣችው።

እኔ መለስኩለት።

«እሷ ዘንድ።»