አርብ ቀን የተከለከልሁት ዶሮ

ባለፈው እሑድ ምሳ አቅርቤ ልጄን ሳራን ስጠብቅ ወጡ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እንደገባች ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ «አባዬ፣ በልቻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ አዲስ ምግብ ቤት አገኘን፤ የፊሊፒንስና የሃዋይ ምግብ ነው። አንተ አታውቀውም» አለችኝ። አታውቀውም ስትል ፈገግ አልሁ። ከዚያ የቀዘቀዘውን ወጥ አየሁና ፈገግታዬ ጠፋ።

እኔ ያንን ምግብ ያወቅሁት እሷ ሳትወለድ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ እኔም የእሷን ዕድሜ ያህል ነበርሁ። በዚህ በስደት አገር፣ ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ፤ የምኖረው ሰንሻይን ዌስት፣ እትዬ ሙሉ ቤት ነው። እትዬ ሙሉ አልወለዱኝም። ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ድንኳናችን ጎን ለጎን ነበር፤ እናቴ እዚያ ስታርፍ እጄን ይዘው «ከእንግዲህ የኔ ነህ» አሉ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

አንድ የየካቲት ቀን ከሥራ ስመለስ ሰንሻይን ጣቢያ አውቶቡስ አመለጠኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላ ፍለጋ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ባለችው መንገድ ስሄድ የነጭ ሽንኩርትና የኮምጣጤ ሽታ አቆመኝ። አምስት ጠረጴዛ ያላት ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቷ ሉዝ የምትባል አጭር ፊሊፒናዊት፣ ባሏ ካይ ደግሞ በሩን የሚሞላ የሃዋይ ሰው። በኮምጣጤና በአኩሪ አተር ስጎ የበሰለ ዶሮ፣ ሁለት ጭልፋ ሩዝ፣ ከሩዙ ጎን ቀዝቃዛ ማካሮኒ በማዮኔዝ አቀረቡልኝ። ሩዝን ከማካሮኒ ጋር የሚበላ ሰው ምን ሆኖ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ሳስበው እኛም ፓስታ በእንጀራ እንጠቀልላለን። ዶሮው ጎምዘዝ ብሎ፣ ቅመሙ አጥንቱ ድረስ ዘልቆት ነበር። ጣቴን ላስሁ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ ግን ከዶሮው አልተለየሁም። ሃይማኖቴን ጠልቼ አይደለም፤ ከንጋት ጀምሮ ካርቶን ስሸከም ውዬ ይርበኛል፣ ዶሮውም ይጣፍጣል፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። ማክሰኞና ሐሙስ እዚያ በልቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። እትዬ ሙሉ የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም እኔ ሳልመጣ አይቆርሱም። ምስር ወጡን ወደ እኔ ይገፉታል፤ ሁለት ጊዜ ጎርሼ «በቃኝ» እላለሁ።

«ምነው ልጄ፣ ሆድህን ያምሃል?»

«ድካም ነው እትዬ።»

በኋላ በኋላ እሳቸውም አብረውኝ መቁረሱን ተዉ። «ቆይቼ እበላለሁ» ይሉኝ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ይህ ከውሸቱ ይልቅ ያሳፍረኛል።

አርብ አርብ ኦቨርታይም ስለነበረን ሉዝ ጋ ሄጄ አላውቅም። አንድ አርብ ግን ማሽን ተበላሽቶ ቀድመን ወጣን። ስለሞቀኝ የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ገባሁና ዶሮ አዘዝሁ። ሉዝ ዓይኗን አንገቴ ላይ ተከለች። እናቴ ያሰረችልኝ ማተብ ከእንጨት መስቀሉ ጋር ወጥቶ ነበር።

«ክርስቲያን ነህ?»

«ነኝ።»

«ዛሬ አርብ ነው፤ ጾም ላይ ነን። ለሌላው እሸጣለሁ፣ መስቀል ላሰረ ሰው ግን በአርብ ቀን ሥጋ አላቀርብም። ማን አሰረልህ?»

«እናቴ።»

«እናትህ ዛሬ ምን በላች?»

ስለሞተችው እናቴ ልንገራት ወይስ ቤት ስለሚጠብቁኝ እትዬ ሙሉ? ግራ ገባኝ። «ገና አልበላችም» አልሁ።

ካይ ከጓዳ በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል በፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ወጣ። በሁለቱም አገር ይበላል፤ ያጋባን ይህ ቅጠል ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። «ሥጋም ዓሣም የለውም፤ ውሰድላት» አለኝ።

ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዕቃውን ከፍቼ «ይቅመሱ እስቲ» ስላቸው እትዬ ሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምጾመው። ሆድህ ምግብ እንዲቀበል ለእመቤቴ ተስያለሁ። ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው፤ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ዶሮውን፣ ማክሰኞውን፣ ሐሙሱን፣ መጉመጥመጡን። ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

«ታዲያ አልታመምክም?»

«አልታመምኩም።»

«ተመስገን» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቀጥለው ግን፣ «ጾም መግደፍህን ከፈጣሪህ ጋር ተነጋገር። እኔን ለምን ብቻዬን አስጾምከኝ?» አሉኝ።

እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም፤ እንደዚያ ቀን ርቦኝ አያውቅም። ሰዓቱ ሲደርስ ጎደሬውን በእንጀራ ጠቅልለው ቀመሱ። «ጨው አነሰው እንጂ ይበላል» አሉና ቀጣዩን ለእኔ አጎረሱኝ።

የሉዝ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ እትዬ ሙሉም ካረፉ ዓመታት አለፉ። ባለፈው እሑድ ያ ጥያቄያቸው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። ሳራ እንደ እኔ አልዋሸችም፤ በልቻለሁ ብላ ነግራኛለች። ጠብቆ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ግን ሳልቀምሰው አላውቅም ነበር።

«የጎደሬ ቅጠል አላቸው?» አልኋት።

የምግቡን ፎቶ በስልኳ ፈልጌ አሳየኋት። እሷም የምግብ ቤቱን ዝርዝር አገላብጣ፣ «አላቸው። እንዴት አወቅህ?» አለች፤ ይህችን በአማርኛ።

«አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን። አርብ ይሁን።»

«ለምን አርብ?»

«ቁጭ በይ፣ እነግርሻለሁ።»

ወሬውን ስጀምር ወንበር ስባ ተቀመጠች። እትዬ ሙሉ «ቆይቼ እበላለሁ» ይሉኝ የነበረበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ በልታ የመጣችው ልጅ እጇን ዘርግታ ከፊቴ ካለው እንጀራ ቆረሰች።