ጂራ ወይስ ጂሩ

እኅተማርያምን ያገኛት ሰው ሁሉ «አትጨነቂ» ይላት ነበር። ይህችን ቃል የፈለሰፋትን ሰው እግዜር ይይለት! አንዱ በአምስት ወሩ፣ አንዱ በሰባት ወሩ፣ ሁለት ልጅ ከሆዷ ወጥቶባት ሦስተኛውን ሰባት ወር ለተሸከመች ሴት «አትጨነቂ» ማለት፣ የራበውን ሰው «አይራብህ» እንደ ማለት ነው።

ምክሩማ ሞልቷል። ጎባ የምትከታተላት አዋላጅ ነርስ፣ ሲስተር ዙሀይራ፣ «ጭንቀት ለፅንሱ ጥሩ አይደለም፤ ዘና በይ፣ ወዲያ ወዲህ በይ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» ብላታለች። ታዲያ ከዚያች ቀን ጀምሮ መጨነቋ ራሱ ያስጨንቃት ጀመር። ሮቤ ከቤቷ ጀርባ በስንዴው ማሳ ዳር እየዞረች አየር ትስባለች፤ አየሩ ብርድ ነው፣ ያስላታል፤ ስታስል ደግሞ «ወይኔ፣ ልጁን ነቀነቅሁት!» ብላ ትደነግጣለች። እግሯን ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ያለፉት ሁለቱ ትዝ ይሏትና ታለቅሳለች። ባሏ ተክለማርያም የቢሮ ጸሐፊ ነው። ሥራው ሁሉ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር እሱም የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤን፣ ተምሮ ነበር፤ ግን ወደ ጊኒር አዛወሩትና በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። መጥቶም የሚላት ያችኑ «አትጨነቂ»ን ነው።

አንድ ማክሰኞ ለክትትል ጎባ ሄደች። ተራዋ ደርሶ አልጋው ላይ ተጋደመች። ሲስተር ዙሀይራ መለከት የምትመስለዋን የእንጨት ማዳመጫ ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋን ደፍታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብዙ አዳመጠች። በዚህ መሀል ከካርድ ክፍል አንዲት ሠራተኛ አንገቷን በበሩ አስግጋ በኦሮምኛ ጥድፍ ጥድፍ እያለች አንድ ነገር ጠየቀች። ሲስተር ዙሀይራ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችላት፦

«ሂን ጂሩ።»

የለም! እኅተማርያም ሮቤ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ኦሮምኛዋ ግን የገበያ ነው። ፈጥነው ሲያወሩ ያመልጣታል። ይህችን ግን ማን ያጣታል? ሂን ጂራ፣ አለ። ሂን ጂሩ፣ የለም። ልጁ የለም ማለቷ ነው።

ሲስተር ዙሀይራ ካርዱ ላይ እኅተማርያም በማታነበው ቁቤ ሞነጫጨረችና «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ። ያኔ ባለቤትሽም አብሮሽ ቢመጣ ጥሩ ነው። ደግሞ አትጨነቂ!» ብላ ቀጣይዋን ጠራች። ባይሆን ይህችን ስለ ባል ባታነሳ! እኅተማርያም እኮ ወጉን ታውቃለች። መርዶ ለብቻ አይነገርም። ሰው የሞተበት ሰው ዘመድ እስኪሰበሰብለት፣ የሚደግፈው እስኪያገኝ ይደበቃል። «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ማለት ሌላ ምን ትርጉም አለው? አፏን ይዛ ወጣች። በሚኒባሱ ጥግ ተቀምጣ ሮቤ ገባች።

በማግስቱ የጎረቤት አሮጊት እማማ ወለተኢየሱስ ዓይኗን አይተው «ምን ሆነሻል?» ሲሏት ዝርግፍ አድርጋ ነገረቻቸው።

«ግን እሑድ ሲላወስ ነበር እኮ፣ እማማ። ዛሬም ትንሽ…»

«የሞተም ይንሳፈፋል፣ ልጄ» አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ከልባቸው አዝነው ነው። «ከሰነበተ አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል። የሚያወርድ መድኃኒት አለኝ፤ ነገ ጠዋት በባዶ ሆድሽ ትጠጪዋለሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ኩባያውን ይዛ ብቻዋን ተቀመጠች። ሽታው ይከረፋል። እንግዲህ ይህ የሦስተኛ ልጇ ቀብር ነው። ሬሳ የለው፣ ለቅሶ ደራሽ የለው፣ አባቱ እንኳ አልሰማ። «ይቅር በለኝ፣ የኔ አባት፤ መያዝ አቃተኝ» አለችው ሆዷን። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ደገመች።

ሦስተኛውን ልታነሳ ስትል ሙሉካ ገባች። ሙሉካ ግድግዳ የምትጋራት፣ ጨውና ሳሙና የምትቸረችር፣ አፏ የማያርፍ የልብ ወዳጇ ናት፤ «ለነፍሰ ጡር አንጀት ይጠግናል» ብላ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሳህን ይዛላታለች። ኩባያውን አሸተተችው።

«ምንድነው ይሄ? ያ ረቢ! ምን እየጠጣሽ ነው?»

እኅተማርያም ሁሉንም ነገረቻት። ሙሉካ ሳህኑን ቁጭ አደረገች።

«ቃሏን ድገሚልኝ። እሷ እንዳለችው።»

«ሂን ጂሩ።»

«ጂራ ነው ያለችው ጂሩ?»

«ጂሩ።»

«እርግጠኛ ነሽ? መጨረሻ ላይ አፏን ከፈተችው ወይስ አሞጠሞጠችው?»

«ፊቷን አዙራ ነበር፤ አላየሁም።»

«ዋ! አፏን ሳታዪ ነው ልጅ የቀበርሽው? እናንተ ጆሮ ላይ እኮ ሁለቱም አንድ ነው! ያቺ ሴትዮ ‹አለ› ብላ ቢሆንስ?»

እኅተማርያም ያችን ድምፅ ደግማ ለመስማት ዓይኗን ጨፈነች። ጂሩ። ጂራ። ጂሩ። በደጋገመችው ቁጥር ጠፋባት፤ ሁለቱ ተደበላልቀው አንዱን ከአንዱ መለየት አቃታት። ማክሰኞ እንደ ድንጋይ እርግጠኛ የነበረችበት ነገር ከእጇ አመለጠ። ኩባያውን አየችው። ከአፉ ጎድሏል።

«ሙሉካ፣ ሁለቴ ተጎንጭቻለሁ።»

ሙሉካ የተረፈውን ደጅ ደፍታ፣ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወደ መናኸሪያ ወሰደቻት። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ይጮሃል፦ ጎባ፣ ጎባ፣ ሁለት ሰው! ሙሉካ «የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳው አቦ!» ብላ ጮኸችበት። መንገዱ ሳይጋመስ እኅተማርያምን ወገቧን ቆረጣት። ተወት አደረጋትና ደግሞ መጣ። ይህን ቁርጠት ታውቀዋለች፤ ሁለቴ አይታዋለች። ያኔስ እግዜር ነው የወሰደው ብላ ተጽናንታ ነበር፤ የዛሬው ግን በገዛ እጇ ነው። ሙሉካ ጭኗ ላይ ደግፋት በዓረብኛም በኦሮምኛም ዱዓ ታደርጋለች፤ እኅተማርያም የማርያምን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተችና አፈረች። በምን ፊቷ ትጥራት?

ሲስተር ዙሀይራ ስታያቸው ብድግ አለች። ሙሉካ መድኃኒቱን አልሸሸገችም፤ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻት። ማዳመጫዋ ሆዷ ላይ ዐረፈች። ነርሷ ቦታ ቀየረች፤ ዝም። ደግሞ ቀየረች። እኅተማርያም ጣሪያውን እያየች፣ እባክህ አንዴ ተላወስ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ልሙት፣ ትለዋለች።

«አለ» አለች ሲስተር ዙሀይራ፣ በአማርኛ። «ልቡ ይመታል። አሁን ዝም ብለሽ ተኚ፤ ቁርጠቱን እናስታግሳለን።»

ሙሉካ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። እኅተማርያም ግን አላለቀሰችም። አራት ቀን በዚያ አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ ቁርጠቱ ሲመጣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛ፣ ሲሄድ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣበትን እየጠበቀች ሰነበተች። የሚበላ ቢያመጡላት ለልጁ ስትል ትውጣለች፤ ቢያናግሯት አትመልስም። በአምስተኛው ቀን ቁርጠቱ ሳይመለስ ዋለ። ልጁም በርታ ብሎ ይራገጥ ጀመር።

ልትወጣ ስትል ሲስተር ዙሀይራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ያልኩትን እኮ አስታወስኩት። ጆሮሽ አልተሳሳተም፤ ሂን ጂሩ ነው ያልኩት። ልጅቷ ‹ዶክተሩ አለ ወይ?› ብላ ጠይቃኝ፣ የለም ማለቴ ነው። የልጅሽ ልብ ደህና ነበር፤ ካርድሽ ላይም ጽፌዋለሁ። ባልሽን ያልኩሽም መውለጃሽ ሲደርስ የሚያመጣሽ ሰው እንዲኖር ነው።» ከዚያ ቁጣ ቁጣ አላት። «ምናለበት እዚያው ብትጠይቂኝ? አጠገብሽ አልነበርኩም? አማርኛ አልችልም?»

«ትችያለሽ» አለች እኅተማርያም። በአምስት ቀን ውስጥ ሙሉ ቃል ከአፏ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ለዚያ ነው ያልጠየቅሁሽ። ብጠይቅሽ ‹የለም› ብለሽ በአማርኛ ትነግሪኝ ነበራ።»