የፈቃድ ፈራሚው

የላቦራቶሪው መዝገብ ቤት ኃላፊ የኮቱን ቁልፎች በማይመሳሰል ክር ራሱ ሰፍቷቸዋል፤ እስክሪብቶውን እንደ ጩቤ ጨብጦ ይይዛል። ከሩቅ አገር ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ የመጣችው ልጅ ዓርብ ዓርብ ለጉዞ ፈቃድ ስትቀርብ ቀና ብሎ አያያትም። ያለ እርሱ ፊርማ ደግሞ የላቦራቶሪው ሰው ከከተማው መውጣት አይችልም።

«ደግሞ መጣሽ? አገራችንን እንደ ሙዚየም ዞረሽ ጨረስሽው እኮ።»

«የመጨረሻዬ ነው፣ ጋሼ። ሰኞ ወደ አገሬ ልመለስ ነው፤ ባሕሩን ሳላይ እንዳልሄድ ብዬ ነው።»

«ባሕር ውሃ ነው። ውሃ ቧንቧም ውስጥ አለ።»

ጉዳይ ያለው ሰው ምላሱን ይውጣል፤ ወረቀቱን ገፋ አደረገችለት። እሱ የምታድርባቸውን ቦታዎች ዝርዝር በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ወረደ። የወደቡ መንደር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሰው የቆየ ቁስሉን ሲነኩት ሁልጊዜ አይጮኽም፤ አንዳንዱ ይጠነክራል። የመንደሩን ስም ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘና ከሥሩ ፈረመ።

«ባሕሩን በሌላ በኩል እዪው» አለ፣ ወረቀቱን እየወረወረላት። «እዚያ መንደር በኔ ፊርማ ማንም አይሄድም። የተወለድኩበት ነው፤ ለራሴም ልሂድ ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ አልፈረምኩም።»