ከድንኳኑ ጀርባ የያዝኩት ስልክ

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞንታርቦና አምፕሊፋየር ይጠግናል። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንድ ጠባብ ክፍል ናት። የሠርግና የስብሰባ ድምፅ ማጉያዎች እስከ ጣሪያው ተደራርበው ይቆማሉ፤ እሱ በመካከላቸው ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሮክ ባንድ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። መርፌውንም የጀመረው እዚያው ነው። ለሕሙማን የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ነበር፤ በስውር የሚያቀብላቸው ሰው አግኝተው እሱና የባንዱ ድራመር አብረው ይወጉት ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቀን መጠኑ በዛበትና ሊሞት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አልነካውም።

ይህን ሁሉ ራሱ ይናገረዋል፤ አይደብቅም። እኔ ግን ስለዚያ ቀን እሱ የማያውቀውን አንድ ነገር አውቅ ነበር። እስከዚህ ዓመት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ቁይ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አባቴ ስልክ ተደወለለት። የደወለው ድራመሩ ነበር። አጎቴ ታሞ ሆስፒታል እንዳስገባው፣ ቶሎ እንድንመጣ ነገረው። አባቴ በጣም ነው ወይ ብሎ ቢጠይቀው ሰውየው አለቀሰ። እውነቱን ንገረኝ ቢለው ደግሞ፣ "እውነቴን ነው፤ ታሟል፤ ብቻ ኑ" አለ።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ዘመድ የሚባለው "ታሟል፣ ድረሱ" ነው። ሰሚውም ወዲያው ይገባዋል፤ እንዳልገባው ሆኖ መንገዱን ይጀምራል። ስለዚህ ድራመሩ እውነቱን በደገመ ቁጥር አባቴ ሞቱን ይበልጥ አመነ። ስልኩን ዘጋና ለእናቴ "ወንድምሽ ታሟል" አላት። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጎህ ሲቀድ ለአያቴ መርዶ ተነገራት። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯ ላይ ቆመው ስታያቸው የጠየቀችው የትኛው ልጇ እንደሆነ ብቻ ነው። አባቴ ጨርቅ ከሚነግደው ሙስሊም ጎረቤታችን ጋር፣ በጎረቤታችን መኪና፣ አስከሬኑን ሊያመጣ ሄደ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ።

ቀትር ላይ የእናቴ ስልክ ጮኸ። አልጋ ላይ ጥላው ነበር። ልዘጋው አነሣሁትና "ወንድሜ" የሚል አነበብኩ። እናቴ አጎቴን የመዘገበችው በዚህ ነበር። ውጭ የሚለቀስለት ሰው እየደወለ ነበር። ብዙ ጊዜ ጠራ፤ እኔም ብዙ ጊዜ አየሁት። በመጨረሻ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

ድምፁ የአጎቴ አልነበረም። የማላውቀው ሰው ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝና ነገርኩት። የአባቴ ስልክ አልሠራ እንዳለው፣ በዚህኛው የደወለው ለዚያ መሆኑን ነገረኝ። አባቴ ያን ሰዓት አባይ በረሃ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ስልክ አይሠራም።

"እናቱን አቅርቢልኝ፣ የኔ እናት" አለኝ። "አልሞተም። ድምጿን ይስማ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጌለታለሁ።"

ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ። ገና ከመግቢያው አንዲት ጎረቤታችን ትከሻዬን ይዛ ወደ ውጭ መለሰችኝ። ስልክ ነው አልኳት። "የምን ስልክ በዚህ ሰዓት? ሂጂ ቤት ግቢ" አለችኝ። ትልቅ ሰው ያለኝን የምሰማ ልጅ ነበርኩ። ግን ቤት አልገባሁም፤ በድንኳኑ ጀርባ ዞርኩና አያቴ በተቀመጠችበት በኩል ስልኩን ሸራው ላይ አስጠግቼ ያዝኩት። አያቴ አጎቴን በልጅነቱ በምትጠራበት ስም እየጠራች ታለቅስ ነበር። ና እያለችው ነበር።

እጄ ሲደክም ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ። ሁለት ነገር ሰማሁ። አንዱ ትንፋሽ ነው፤ በደረቅ መሬት ላይ ጆንያ ሲጎተት የሚሰማውን ዓይነት፣ እየቆየ የሚመጣ። ሌላው የሰውየው ድምፅ ነው። ይቆጥር ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኪኒን የሚቆጥር መሰለኝ። አንድ ሲል ትንፋሹ ይመጣል። ከዚያ አንድ አለና አልመጣም። ሰውየው ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ያኔም አልመጣም። ሲቆጥር መሀል ላይ የእናቴ ስልክ ባትሪ አለቀ።

አጎቴ ያን ሰዓት የሞተ መሰለኝ። ትልልቆቹ ትንሽ ቀድመው ጀመሩ እንጂ አልተሳሳቱም ብዬ አሰብኩ። የምናገረው ነገር አልቀረም። ስልኩን አልጋው ላይ መለስኩት።

አያቴ ፀጉሯን የተላጨችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀትር ላይ ፀጉሯ ነበር። ፊቷንም የቧጨረችው ከሰዓት በኋላ ነው። ሊመሽ ሲል አባቴ ወደ ጎረቤታችን የጨርቅ ሱቅ ደወለና "ይተነፍሳል" አለ። ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ወጥቶ እርስ በርሱ ተቃቀፈ። እኔ ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ።

አጎቴ ከወር በኋላ በእግሩ ቁይ ገባ። ሰዎቹ ሲያገኙት ይቀልዱበት ነበር። አንዱ እንባዬን መልስልኝ ይለዋል፤ ሌላው ስላለቀስንልህ ለሁለተኛው አንመጣም ይለዋል። አያቴ ግን አልቀለደችም። ጥቁር ልብሷን አውልቂ ስትባል የጀመርኩትን ልጨርስ ብላ ዓመቱን ሙሉ ለበሰችው። ቀን ቀን አረፍ ሲል መጥታ መዳፏን አፍንጫው ሥር ታደርግ ነበር። እኔም በሩ ላይ ቆሜ በልቤ እስከ አራት እቆጥር ነበር። አያቴ ያለፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ የጭረቱ ምልክት ጉንጯ ላይ እንዳለ ነው የተቀበረችው።

በዚህ ዓመት እዚያው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የተማሪዎች ክበብ ከሱስ የወጣ ሰው ተጋብዞ ቢናገር ጥሩ ነው ሲል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አዲስ ስለሆንኩ ለአንድ ነገር መጥቀም ፈልጌ ነበር። አጎቴም ደስ ብሎት መጣ፤ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ቀስ ብሎ ተናገረ። ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ላይ እንደነበረ፣ መውረዱ እንደማያስፈራ፣ እንዲያውም እንደሚያሳርፍ ነገራቸው። ከላይ የእናቱን ድምፅ ሰማ። በልጅነት ስሙ ጠራችው፤ ዞሮ ወጣ። በኋላ ቤተሰቡ ያን ቀን ቁይ ላይ ለቅሶ ተቀምጦ እንደነበር ሰማ። አሁንም ያ መርፌ ሲያምረው ያንን ድምፅ እንደሚሰማ ተናገረ።

ከኋላ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ "ጋሼ፣ ቁይ የተለቀሰው አዲስ አበባ ከተሰማ እኛ ሞንታርቦ ለምን እንከራያለን?" አለው። አዳራሹ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው አጎቴ ነው። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ስለ ድራመሩ ጠየቀችው። ፊቱ ተለወጠ።

"አንድ ጊዜ ደወለና ሆስፒታሉ በር ላይ ጥሎኝ ሄደ" አለ። "ዓይኔን ስገልጥ አጠገቤ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላው እሱም በዚያው መርፌ ሞተ። ለቅሶው አልሄድኩም።"

እስከዚያ ቀን ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው ስል ነበር። የእናቱ ድምፅ በስልክ መምጣቱን ካወቀ የሚይዘው ነገር ያጣል ብዬ እፈራ ነበር። አሁን ግን ዝምታዬ ሌላ ሰው ላይ ወድቆ አየሁት፤ የሞተ ሰው ላይ። ስልኩን ጆሮው ላይ ያደረገለት ድራመሩ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም።

ሱቁ ድረስ ሸኘሁት። መብራቱን አብርቶ ሲቀመጥ ቆሜ ነገርኩት። ስልኩን፣ "ወንድሜ" የሚለውን ጽሑፍ፣ ሸራውን፣ ትንፋሹን፣ ዝም ማለቴን። የአያቴን ፀጉር ስነግረው ብቻ ዓይኑን ጨፈነ።

"ሌላ ምን ሰማሽ?" አለኝ።

"ይቆጥር ነበር፣ ጋሼ።"

"ምን?"

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እየደጋገመ።"

ዘፈን ሲጀምሩ ሁልጊዜ የሚቆጥረው ድራመሩ እንደነበረ፣ እሱ ቤዙን ይዞ የሚገባው ከአራቱ በኋላ በሚመጣው "አንድ" ላይ እንደነበረ ነገረኝ። ትንፋሹ እንዴት እንደነበረ እንዳሳየው ጠየቀኝ። በጣቴ ጠረጴዛውን ቧጨርኩ፣ ጠበቅሁ፣ ቧጨርኩ። ልቅሶው አሁን የመጣበት መሰለኝ፤ ግን አላለቀሰም።

"ስልኩ ሲቋረጥ ስንት ላይ ነበር?"

"ሦስት ላይ" አልኩት።

ክንዱን ስመለከት አየኝ። እጅጌውን ሰብስቦ ሁለቱንም አሳየኝ፤ ያሉት የድሮዎቹ ጠባሳዎች ብቻ ነበሩ። "ነገም መጥተሽ እይ" አለኝ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ሳልጠይቀው እጅጌውን ሰበሰበ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ አደረግን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዶርም ሳለሁ ደወለ። የድራመሩን እናት ቤት ከድሮ ሰዎች ጠይቆ አግኝቶታል፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። ለለቅሶ ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ አለ።

"ልጇ ጥሎኝ እንዳልሄደ እነግራታለሁ። ሁሉን ነገር ትጠይቀኛለች፤ እናት ናት። ሦስት ላይ ነው ያልሽኝ፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ" አልኩት።

አመስግኖኝ ዘጋ። እኔ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ሲጠይቀኝ የሚጠብቀው መልስ እንዳለ ከፊቱ አንብቤ ነበር፤ ባዶ እጁን ልመልሰው አልፈለግሁም። ሦስት ላይ ይሁን ሁለት ላይ፣ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጆሮዬ የያዝኩት የመጀመሪያውን አንድና ያልመጣውን ትንፋሽ ነው።

ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት እውነቱን ልነግረው ደወልኩለት። አልሠራ አለ። ሰዓቱን አየሁ። አውቶቡሱ ከማርቆስ ከወጣ ቆይቷል፤ አባይ በረሃ ሳይገባ አይቀርም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ።