በየዓመቱ የሚያድገው ጃርት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናታችን እኔንና ታናሽ እህቴን ከዲላ ይዛን ቡሌ፣ ወንድሟ ዘንድ ትወጣ ነበር። ዲላ በሸሚዝ እንሳፈራለን፤ ቡሌ ስንደርስ ያለንን ልብስ ሁሉ ደርበን እንደ ጥቅል ጎመን እንወርዳለን። ጉሙም የዋዛ አልነበረም። ጠዋት ደጅ ወጥተህ ብታስነጥስ፣ ማስነጠስህ ጉም ውስጥ ተይዞ ይቆይና ማታ ስትመለስ ታገኘዋለህ። ጭቃው የዋጣቸው ጫማዎቼ ብቻ አንድ ሱቅ ይሞላሉ።

አጎቴ ከጓሮው ለሁለታችንም የየራሳችንን እንሰት ተክሎልን ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ገና ጓዛችንን ሳናወርድ፣ በየእንሰታችን ጎን አቁሞ ይለካናል።

«አንቺ ጎበዝ!» አላት እህቴን፣ እሷ ስምንት እኔ አሥር ዓመት በሆነን ክረምት። «ያንቺማ ጣራ ሊነካ ነው! ያንተ ግን ምን ነካው ጌታው? እድገቱ ሁሉ ወደ ምላስህ ሄደ እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ደግሞ ማሳቅ እንጂ መሳቂያ መሆን አልወድም።

እንሰት አንዴ ካበበ እንደሚሞት አጎቴ ነግሮን ነበር። የቀረውን ከራሴ ጨመርኩበት። «ቶሎ ያደገ ቶሎ ያብባል» አልኳት ብቻዋን ሳገኛት። «ሲያብብ ይሞታል። ባለቤቱም አብሮ ነው።»

«ውሸትህን ነው።»

«እናቴ ትሙት!»

«እናትህ የእኔም እናት ናት፤ በሌላ ማል።»

«እሺ፣ እኔ ልሙት።»

ከዚያ ወዲያ የእህቴ እንሰት ቅጠል በየማለዳው ተዘንጥሎ ይገኝ ጀመር። አጎቴ ዙሪያውን እየዞረ አገጩን ያክካል። «ጃርት ነው። ግን ጃርት የሚበላው ሥር ነው፤ ይሄኛው ቅጠል መራጭ ነው። የተማረ ጃርት ሳይሆን አይቀርም!»

አንድ ማለዳ ጃርቱን አየሁት። በዝናብ፣ በባዶ እግሯ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ቅጠሉን ትገነጥላለች።

«እንዳትናገር» አለችኝ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «እያሳጠርኩት ነው።»

በሳቅ ፈረስኩ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ «ቀልዴን ነው» ብላት ወደ እሳቱ ትገባ ነበር። ግን እንደዚያ ያማረልኝ ቀልድ ስላልነበረ ላበላሸው አልፈለግሁም። አጎቴ ጦር ይዞ ጃርት ሲጠብቅ፣ ጃርቷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ቆጮ ስትበላ ማየት ለእኔ ሰርግና ምላሽ ነበር።

ሳምንት ያህል ማለዳ ማለዳ ወጣች። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ትኩሳት። ጭቃው መኪና አላሳልፍ ስላለ ጎረቤቶች በቃሬዛ ወደ ዲላ ተሸከሟት። እኔ በጎኗ እሮጣለሁ። ከብርድ ልብሱ እጇን አውጥታ ጠራችኝ።

«አጠረ?»

አጎቴ የፊተኛውን እንጨት ይዟል፤ እናቴ ከኋላ ናት። እውነቱን ብናገር ይሰማሉ፤ ከሰሙ እገረፋለሁ። የፈራሁት ይህንኑ ነው፣ ግርፋት።

«አጠረ» አልኳት። «ከእኔም ያንሳል።»

ደስ አላት። ዲላ በገባን በሦስተኛው ቀን ሞተች። የሳንባ ምች ነው አሉ። እኔ ልሙት ብዬ የማልኩት ግን እኔ ነበርኩ።

አጎቴ ሐዘን ላይ ተቀምጦ እንኳ አላስቻለውም፤ ተነስቶ አንድ ጃርት ገደለ። ምንም ያላደረገ ጃርት።

አሁን ሃምሳ ልደፍን ነው፤ ቤተሰቡ የሚያውቀኝ በተረበኛነቴ ነው። ክረምት ዲላ እናቴ ቤት ስንሰበሰብ፣ እሷ ስለዚያ ዓመት መስማት የምትችለው ወሬ አንድ ብቻ ነው። «እስቲ ያንን የጃርቱን አውጋን» ትለኛለች። አወራለሁ። ጃርቱን ከአምናው አሳድገዋለሁ።

«አምና ውሻ ያክላል ብለህ አልነበር?» አለችኝ ልጄ ዘንድሮ።

«የአምናው ግልገል ነበር። ይሄኛው በሬ ያክላል፤ አጎቴ ጦሩን ጥሎ ቀንበር ፍለጋ ሮጠ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እርኩስ ጃርት!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ለመሆኑ የእሷን እንሰት ብቻ ምን ለይቶ አስመረጠው? ያንተኮ እዚያው ጎኑ ነበር።»

ሁሉም አፌን ይጠብቃል።

«የእኔ አጭር ነበራ፣ እማዬ» አልኩ። «አላየውም።»

ሳቁ። እሷም ሳቀች።