አልቋል ያልኩት ኤተር

በክርክር መካከል አዳራሽ ሙሉ ሰው ስቆባችሁ ያውቃል? ከልባችሁ እየተናገራችሁ፣ ትክክል መሆናችሁን እያወቃችሁ? እኔን ገጥሞኛል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮልፌ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጤና ረዳቶችን አስተምር ነበር። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽተኛውን በኤተር የሚያስተኛ ነርስ የነበረን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ጦር ግንባር ተላከ። ስለዚህ ሐኪማችን አዲስ የሙያ ደረጃ ይፈጠር አሉ፤ ነርስ ያልሆኑ፣ ግን በሥራ ላይ የለመዱ ሰዎች የማደንዘዣ ፈቃድ ይሰጣቸው አሉ። መጀመሪያ ያሰቡት ጋሽ ተክሌን ነበር። ጋሽ ተክሌ ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል ያጥባሉ፣ በፋሻ ያስራሉ። ከዚያ ነርስ ጎን ቆመው አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ነው።

እኔ ተቃወምኩ። ጉዳዩ በቀረበበት የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ስምንት ገጽ አነበብኩ። መቃወሜ ኃጢአት አልነበረም፤ ኤተር ከበዛ ይገድላል፣ ሳይማሩ መስጠት አደጋ ነው፤ ዛሬም እንዲሁ አምናለሁ። ስጨርስ ጋሽ ተክሌ እጃቸውን አወጡ።

"ጓድ መምህር፣ እኔ ታዲያ ኤተር ምን ያደርግልኛል? ይቺን ጽሑፍህን ብታነብለት በሽተኛው እስከ ነገ አይነቃም!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ እንኳ እንባውን ጠረገ። ውሳኔው ለዓርብ ተቀጠረ፤ እስከዚያ የኤተሩ ቁም ሳጥን ቁልፍ እኔ ዘንድ እንዲቆይ ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት ዘርፌን አመጧት። ቆሼ ላይ ቆርቆሮና ጠርሙስ የምትለቅም፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ነበረች። የቆሻሻ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ጨፍልቆታል። አጥንቷ ወጥቶ ይታያል፤ ደሟ ከቃሬዛው ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዳንልካት አምቡላንሱ ቁስለኛ ሊያመጣ ሄዷል።

"አሁን ካልተቆረጠ ትሞታለች" አሉኝ ሐኪሙ። "ተክሌ ያስተኛታል፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ሩጥ፣ ኤተሩን አምጣ!"

ሮጥኩ። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለት ሙሉ ጠርሙስ ኤተር አለ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ዘርፌ አልነበረም። በጋሽ ተክሌ እጅ ተኝታ በደህና ከነቃች ዓርብ እሸነፋለሁ፣ ደግሞም ይሳቅብኛል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። መልሼ ቆለፍኩት። ሄጄም "አልቋል" አልኩ።

አምስት ሆነን ያዝናት። እኔ ደህናውን እግሯን ያዝኩ። መጋዙ አጥንቷን ሲነካ ያሰማችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። "ግደሉኝ! ስለ እመብርሃን፣ ግደሉኝ!" ትላለች። እግሯ ደረቴን መታኝ፤ እኔም የበለጠ ጨመቅኩት። ጋሽ ተክሌ ራሷን ይዘው "አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ" ሲሏት አውራ ጣታቸውን ነከሰችው። ጥርሷ አጥንት ድረስ ገባ። ምላሷን ከምትቆርጠው ብለው እጃቸውን ሳይነጥቁ ተዉላት። ደማቸው በአገጯ ላይ አልፎ አንገቷ ላይ ወረደ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። "ቆዩ፣ ኤተር አለ" ማለት እችል ነበር። መጋዙ ግማሽ ሲደርስ እንኳ እችል ነበር። አላልኩም። እኔ ነኝ ያላልኩት።

ዓርብ አሸነፍኩ። ጋሽ ተክሌ እጃቸው አመርቅዞ ተኝተው ነበር፤ ሐኪሙ ብቻቸውን ተከራክረው ተረቱ። ፈቃዱ ቀረ።

ዘርፌ ዳነች። በክራንች ስትወጣ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

"አስተማሪው፣ አንተ አይደለህ እግሬን የያዝክልኝ? እግዜር ይስጥልኝ።"

"አሜን" አልኳት። አሜን! እንዲህ ብሎ የሚመልስ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ልጅ ነበርኩ አልልም። የጦርነት ጊዜ ስለነበረ ነው አልልም። ዋሽ ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም። ትክክለኛ ክርክር ይዤ ሰው አሠቃየሁ፤ ክርክሬ ትክክል መሆኑ ደግሞ ጥፋቴን አያቀልልኝም፤ እንዲያውም ያከብደዋል።

የጋሽ ተክሌ ጣት አልታጠፍ ብሎ ቀረ፤ ቁስል ማጠቡን ትተው የበር ዘበኛ ሆኑ። ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ "ግባ ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?" ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ወጣሁ።

ወረቀት ላይ መናዘዝ ቀላል ነው፤ ወረቀት አያይም። ዋሽታችሁ ያሸነፋችሁት ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሂዱና በሩን አንኳኩ። ዓይኑን እያያችሁ "ዋሽቼ ነው" በሉት። እኔ ይህን አልቻልኩም። እባካችሁ፣ እናንተ ሞክሩት።