መሪጌታ የተረጎሙልን የህንድ ፊልም

ዛሬ ልጄ ከሥሩ አማርኛ ጽሑፍ ያለው የድሮ የህንድ ፊልም ከፈተችልኝ። በልጅነቴ ወንድማማች መስለውኝ የነበሩት ሁለት ሰዎች ለካ ዝምድናም የላቸውም!

በጃንሆይ ጊዜ ይኸው ፊልም ንፋስ መውጫ፣ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሲታይ፣ የተረጎሙልን የሰፈራችን መሪጌታ ነበሩ። ህንድኛ አያውቁም። እኛም ስለማናውቅ የተቃወማቸው የለም።

አባቴና ታናሽ ወንድሙ በድንበር ተጣልተው ከተኳረፉ ሁለት ክረምት አልፏቸው ነበር። ያን ቀን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጠዋል።

ፊልሙ ላይ ሁለቱ ሰዎች ሲተናነቁ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወንድሜ ሆይ፣ ለአንድ ፈር መሬት ብለን እናታችንን አናስለቅሳት ይላል» አሉ።

አባቴ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደና፣ «ማረኝ» ብሎ ወንድሙን ሳመው።

ዛሬ ሳነበው ሰውየው ያለው «ሽጉጡን አምጣ!» ነው።

ምርጥ የውጭ ፊልም የምለው እስካሁን እሱን ነው፤ በመሪጌታ ትርጉም ግን። እናንተስ ቋንቋውን ሳታውቁ የወደዳችሁት የትኛውን ነው?